ለክረምት የቤትን እሳት ስለ ማዘጋጀት



በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች ክረምት ሰኔን ጠብቆ አይገባም። ዝናሙ በሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች፥ በዓመትም ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናም ስለምትቀበል፥ ብርዷ ልብስን ዘልቆ ዐጥንት የሚገባ የርጥበት ብርድ ነው። ሻምቡ እስከ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ይብስባታል፤ ደምቢ ዶሎና ጊምቢ ዝቅ ስለሚሉ ጥቂት ይሻላሉ፤ ነገር ግን በነሐሴ ሌሊት እሳት የማይናፍቅ ቤት በወለጋ ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ዛሬ ክረምቱ ሳይበረታ የቤቱ እሳት እንዴት ሊዘጋጅ እንደሚገባ ጥቂት ልጽፍ አስቤአለሁ።

ከማገዶው እንጀምር። እርጥብ እንጨት የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ለውኃ ይከፍላል። ትኩስ የተቈረጠ እንጨት ከክብደቱ እስከ ግማሽ የሚደርሰው ውኃ ስለ ሆነ፥ እሳቱ አስቀድሞ ያንን ውኃ ሲያተን ይውላል፤ ለቤተ ሰቡ የሚተርፈው ጢስና እንባ ነው። ዐዋቂ ባለቤት ማገዶውን በጥርና በየካቲት ፀሓይ አስፈልጦ ዝናሙ እስኪጀምር ያደርቀዋል። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ ይያያዛል፥ ቶሎም ያልቃል፤ ወይራ ለመያያዝ ይዘገያል፥ ከተያያዘ በኋላ ግን ፍሙ ይጸናል። በጊምቢ በኩል ያረጀ ቡና እንዲያቈጠቍጥ ተብሎ ከሥሩ ከፍ ብሎ ሲጐነደል የሚወድቀው ግንድም ጠጣርና መልካም ማገዶ ነው፤ አጥር ሥር ተጥሎ ሲበሰብስ ሳይ ያሳዝነኛል።

ዘግይታችሁ ከገበያ የምትገዙ እንደሆነ ሁለት ፍልጥ አንሥታችሁ አጋጩ። የደረቀው እንደ ሸክላ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ እርጥቡ ድምፁ የታፈነ ነው። የደረቀ እንጨት ጫፉ ላይ ስንጥቅጥቅ ይላል፥ ልጡም በእጅ ይላቀቃል። ሻጩ «ትናንት ዝናም ነክቶት ነው እንጂ ደረቅ ነው» ቢላችሁ አንዱን ፍልጥ አስሰንጥቁና ውስጡን ዳስሱ፤ የዝናም ውኃ ከላይ ይቀራል፥ የዛፉ ውኃ ግን ከውስጥ ነው።

የተገዛው ማገዶ የሚከመርበት ቦታም ሊታሰብበት ይገባል። ወለጋ፥ ይልቁንም በመንዲና በነጆ ወረዳ፥ ምስጥ የሚያስቸግር አገር መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ማገዶ በመሬት ላይ ከቤቱ ግድግዳ ጋራ ተጠግቶ ከተከመረ ምስጡ ማገዶውን ጨርሶ ወደ ምሰሶው ይሻገራል። ስለዚህ ከሥሩ ድንጋይ ደርድሮ፥ ከግድግዳው ክንድ ያህል አርቆ፥ ከላይ ቈርቈሮ ጥሎበት ጐኑን ለነፋስ ክፍት መተው ነው። ዙሪያውን በሸራ ጠቅልሎ የሚያፍነው ሰው ርጥበቱን ከውስጥ ያስቀረዋል።

ባለ ቱቦ የብረት ምድጃ ያላችሁ ሰዎች፥ ብዙዎች ባትሆኑም፥ ቱቦውን አስወርዳችሁ ጥቀርሻውን አስጠርጉ። በበጋ ወፍ ጐጆ ሠርታበት ይሆናል፤ ዝገትም በልቶት ይሆናል። ቱቦው ኮርኒሱን አልፎ በሚወጣበት ስፍራ እንጨትና ጨርቅ እንዳይነካው ተመልከቱ።

እስከዚህ ያልሁትን አብዛኛውን የቤት እመቤቶች ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። አሁን የምነግራችሁን ግን እኔም ያወቅሁት ዘግይቼ፥ በቤቴ ከደረሰብኝ በኋላ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር አማቴ ከአርጆ ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ከእርሳቸው ጋራ የሰባት ዓመት ልጃችን ይተኛ ነበር። ያን ቀን ዝናሙ ከጧት ጀምሮ አላባራም፤ እኔም በፍርድ ቤት መዝገብ ስገለብጥ ውዬ እግሬ በስብሶ ገባሁ። ማታ ቡና ተፈልቶ፥ ዕጣን ተጪሶ፥ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ማንደጃው ፍሙን እንደ ያዘ ወደ አማቴ መኝታ ቤት ገባ። እኔም «እማማ፥ ከመተኛትዎ በፊት ይውጣ እንጂ» አልኋቸው። እርሳቸውም «ልጄ፥ ጢሱ እኮ አልቋል፤ የቀረው ፍም ብቻ ነው፥ ምን ያደርገናል? ዕድሜዬን ሙሉ እሳት ዳፍኜ ነው የተኛሁት» አሉኝ። የእርሳቸው ንግግር እውነት መሰለኝና ዝም አልሁ። መስኮቱ መስተዋት ነበረ፤ ነፋስ እንዳያስገባም ዳር ዳሩን በራሴ እጅ በወረቀት ለጥፌው ነበር።

ሌሊት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማን። ልጁ ራሱን አሞት ወደ እናቱ ሊመጣ ተነሥቶ በሩን እንደ ከፈተ ደጃፉ ላይ ተዘርግቶ አገኘነው። ያስመልሰዋል፥ ዐይኑን መግለጥ አይችልም። አማቴን ብንጠራቸው አይመልሱም። ባለቤቴ «መድኃኒት አብልተውብኝ ነው» ብላ ጮኸች፤ ጐረቤት መጣ፤ አንዱ ሎሚ አሸቱ አለ፥ አንዱ ወተት አጠጡ አለ። ሁለቱንም ተሸክመን ሐኪም ቤት አደረስናቸው፤ እዚያም ኦክሲጅን ተሰጣቸው። ልጁ በማግሥቱ ተጫወተ፤ አማቴ ግን ብዙ ቀን ራሳቸውን ያዞራቸው ነበር። ልጁ ያን በር ሳይከፍት ቢወድቅ ኖሮ ጧት ምን እናገኝ እንደ ነበረ እስከ ዛሬ ሳስበው ሌሊት እነቃለሁ።

የአማቴ ስሕተት የብዙዎቻችን ስሕተት ነው። ክፉው ነገር ጢሱ ብቻ ይመስለናል። ከሰል አየር በሚገባ ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ይወጣዋል፤ ይህም ቀለም የለውም፥ ሽታ የለውም፥ ዐይንንም አያቃጥልም። ፍሙ ቀልቶ ጢሱ ባለቀበት ሰዓትም ይወጣል፤ በዐመድ የተዳፈነ ፍምም ያወጣዋል። ክብደቱ ከምንተነፍሰው አየር ጋራ የተቀራረበ ስለ ሆነ በክፍሉ ሁሉ ይሰራጫል፤ ስለዚህ በአልጋ መተኛትም በመሬት መተኛትም አያድንም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅንን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን የተባለው ነገር ይህን አየር ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሰውየው ይተነፍሳል፥ ነገር ግን ደሙ ለሰውነቱ የሚያደርሰው ኦክሲጅን ያጣል። መጀመሪያ ራስ ምታትና ማዞር፥ ቀጥሎ ማቅለሽለሽና የጕልበት መክዳት፥ ከዚያም እንቅልፍ ይመጣል። ተኝቶ የነበረ ሰውማ እነዚህን ምልክቶች ሳያያቸው ያልፋል። ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ የፈረንሳዩ ስመ ጥር ደራሲ ኤሚል ዞላ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 በፓሪስ ቤቱ፥ የጢስ ማውጫው በመደፈኑ ምክንያት በዚሁ አየር ሞተ። በአዲስ አበባም የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን በክረምትና በበዓል ሰሞን ስለ ከሰል ጭስ ደጋግሞ ያስጠነቅቃል።

ታዲያ አማቴ «ዕድሜዬን ሙሉ» ያሉት ሐሰት ነበርን? አልነበረም። እርሳቸው ያደጉት በሣር ቤት ነው። የሣር ክዳን ጢሱን በየቀዳዳው ያሳልፋል፤ የጭቃው ግድግዳም ስንጥቅ አያጣም፤ በሩም ከመድረኩ ጋራ አይገጥምም። ቤቱ ራሱ ይተነፍስ ነበርና ስሕተቱን ይሸፍንላቸው ነበር። እርግጥ ያም ቤት ከጢስ ጕዳት ነጻ አልነበረም፤ የዓለም የጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ከሚነድ ማገዶና ከመሰለው የሚወጣ ጢስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው መግደሉን ገምቷል። የዛሬው ቤት ግን ቈርቈሮና ኮርኒስ፥ ሲሚንቶና መስተዋት ነው። ነፋስ እንዳይገባ ያደረግነው ሁሉ አየሩም እንዳይወጣ አድርጎታል። እንግዲህ ቤቱ ባማረና በተሟላ መጠን ማንደጃው የሚያስፈራ ሆኗል፤ ደመ ወዝተኛውና ባለ ሀብቱ ከገበሬው ይልቅ ሊጠነቀቁ የሚገባቸውም ስለዚህ ነው።

ስለዚህ ለክረምት ሲዘጋጅ በመኝታ ቤትና በምግብ ቤት በኩል ቢያንስ አንድ የማይደፈን የነፋስ መግቢያ ከመስኮቱ በላይ ማስቀረት ይገባል፤ እኔም የለጠፍሁትን ወረቀት በማግሥቱ ቀደድሁት። ከሰሉ ውጭ ተያይዞ በሚገባ ይቅላ፤ ሰው ተሰብስቦ በሚጫወትበት ክፍል ሲገባ መስኮት ይከፈት። ነገር ግን መስኮት ገርበብ ማድረግ በቂ ነው ብላችሁ ማንደጃ አጠገብ እንዳትተኙ፤ በእኔ አስተያየት ከመኝታ በፊት የሚወጣ እንጂ የሚዳፈን እሳት በመኝታ ቤት ሊኖር አይገባም። መብራት ሲጠፋ በነዳጅ የሚሠራውን ጄኔሬተር በረንዳ ላይ ወይም ቤት ውስጥ የሚያስነሡም አሉ፤ የሚያወጣው ክፉ አየር ያው ነው። ላቀች የተባለው የከሰል ምድጃ ከተራው የብረት ማንደጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቈጥባል፤ ስለ ቈጠበ ግን መኝታ ቤት ይገባል ማለት አይደለም።

ሰውነትን ለማሞቅ ሌላ መንገድ አለ። የፈላ ውኃ ጥቂት አብርዶ በሚገጥም ዕቃ አድርጎ፥ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማኖር ነው። ቡልኮና ጋቢም በበጋ ፀሓይ ከተሰጣ ከማንደጃ የማያንስ ሙቀት አለው። ዐይናፋር እንግዳ ብርድ ልብስ ጨምሩልኝ አይልምና ሳይጠይቅ ይደረብለት።

በክረምት ጕንፋን ስለሚበዛ ራስ ምታትን ሁሉ በጕንፋን እናመካኛለን። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸው፥ ትኵሳትም ከሌለ፥ ደጅ ሲወጡም ከተሻላቸው ማንደጃውን ጠርጥሩ። የወደቀ ሰው ስታገኙ በርና መስኮቱን ከፍታችሁ ፈጥናችሁ ወደ ውጭ አውጡት፤ ራሱን ለሳተ ሰው ወተትም ውኃም በአፉ አታፍስሱ፥ ወደ ሳንባው ይገባልና። ነፍሱን ቢያውቅም ሐኪም ቤት ውሰዱት። በተራ አየር የገባው መርዝ በግማሽ ለመቀነስ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ኦክሲጅን ሲሰጠው ግን ጊዜው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ያጥራል።

አማቴ ከዚያ በኋላም በየክረምቱ ይመጡብናል። ማንደጃው አሁን ቡናው እንዳለቀ በረንዳ ላይ ወጥቶ ውኃ ይፈስበታል። እርሳቸውም በየማታው «የሞቀ ፍም በውኃ የሚያጠፋ ቤት ዛሬ አየሁ» እያሉ ያጕረመርማሉ፤ ልጁ ግን የውኃውን ጣሳ ይዞ አስቀድሞ ይቆማል።