የፈርስ ሒሳብ

ፋሲካ ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከኮለምበስ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ የበግ በረት የሚሄድ ኢትዮጵያዊ፣ ገና በሩን እንዳለፈ እጁ ሳያስበው ወደ በጉ ኋላ ይሄዳል። ላት ፍለጋ ነው። ላቱ ግን የለም። የኦሃዮ ገበሬ የሚያረባቸው ሰፎክ፣ ሀምፕሻየርና ዶርሴት ሲፈጠሩም ጅራታቸው ቀጭን ነው፤ እሱኑም በግልገልነታቸው ይቆርጡባቸዋል። እጁ ባዶውን ይመለስና ወገቡን ይጨብጣል፣ ጎኑን ይዳስሳል፣ ቀጥሎ ከንፈሩን ገለጥ አድርጎ ጥርሱን ያያል። ገበሬው በበኩሉ በጉን ሚዛን ላይ አውጥቶ ዋጋውን በፓውንድ ይነግረዋል። ሁለቱም አንድ ነገር ሳይጠያየቁ ይለያያሉ፤ ይህ በግ እዚህ ክብደት ላይ እስኪደርስ ስንት በላ?

ገዢው ባይጠይቅ አይፈረድበትም። ሻጩ ግን ኪሱ ያለው እዚያ ነው። በማድለብ ሥራ ከሚወጣው ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚውጠው መኖ ነው። እኩል ክብደት የሚጨምሩ ሁለት ጠቦቶች አሉ እንበል። አንዱ በቀን 1.2 ኪሎ፣ ሌላው 1.5 ኪሎ መኖ ይበላል። ሚዛን ላይ ሲወጡ መንታ ይመስላሉ። በ90 ቀን ውስጥ ግን ሁለተኛው 27 ኪሎ አብልጦ በልቷል። ያ 27 ኪሎ የት ገባ?

ይህን የሚለኩበት ስሌት እ.አ.አ. በ1963 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካዊው ሮበርት ኮክና ባልደረቦቹ ለከብት ያወጡት ነው። እንስሳው ከበላው መኖ ላይ፣ በክብደቱና በዕድገቱ ልክ ሊበላ ይጠበቅ የነበረው ይቀነሳል። ቀሪው ከዜሮ በታች ከሆነ እንስሳው ቆጣቢ ነው፤ ከዜሮ በላይ ከሆነ፣ በእኛ አነጋገር፣ የበላው የማይታይበት ነው። ለልዩነቱ ምክንያቱ ብዙ ነው። ጉበቱም ጡንቻውም ድርሻ አላቸው፤ ሲቅበዘበዝ የሚውል በግና ተኝቶ የሚያመሰኳ በግም አንድ አይደሉም። ተመራማሪዎችን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አብዝቶ የሳባቸው ግን ጨጓራው ውስጥ ያለው ነው።

በግ አርዶ የሚያውቅ ሰው ፈርስን ያውቀዋል። ጨጓራው ሲቀደድ አረንጓዴ ሆኖ፣ እንፋሎቱ እየወጣ፣ አረፋ እየደፈቀ ይዘረገፋል። ጨጓራው ለዱለት ይፈለጋልና ለእጥበት ይወሰዳል፤ ፈርሱ ጓሮ ይደፋል። ከተደፋው ውስጥ አንድ ሚሊ ሊትር ብቻ ቢወሰድ ከ10 ቢሊዮን በላይ ባክቴሪያ፣ እንዲሁም አንድ ሚሊዮን ሊደርስ የሚችል ፕሮቶዞዋ ይገኝበታል። ጠላ ጠምቆ የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ጨጓራ ማለት በ39 ዲግሪ ግድም ሙቀት፣ አየር ሳይገባው፣ ሌት ተቀን የሚፈላ ጋን ነው፤ ልዩነቱ ጋኑ እግር ያለው መሆኑ ነው።

በጉ ራሱ ጭድ የሚበታትን ኢንዛይም የለውም። ጭዱን የሚያፈርሱለት እነዚህ ረቂቅ ተህዋስያን ናቸው። ከሥራቸው የሚወጡት አሲዶች (በኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ አንዱ ነው) በጨጓራው ግድግዳ አልፈው ደም ውስጥ ይገባሉ፤ በጉ ከሚያገኘው ጉልበት 70 በመቶ ያህሉ ከዚህ የሚመጣ ነው። ተህዋስያኑ ራሳቸውም ከፈርሱ ጋር ወደ ታች ሲወርዱ ይፈጫሉ፤ የበጉ ዋና የፕሮቲን ምንጭ ይሆናሉ። በጉ ሠራተኞቹን ቀልቦ፣ አሠርቶ፣ በመጨረሻ ይበላቸዋል ማለት ነው። ከሥራው የሚተርፈውን ሃይድሮጂን ደግሞ ሌሎች ተህዋስያን ወደ ሜቴን ጋዝ ይለውጡትና በጉ ያገሳዋል። የሚያመሰኩ እንስሳት ከሚበሉት ጉልበት ከ2 እስከ 12 በመቶ የሚሆነው በዚህ ግሳት ይባክናል። የጠፋው 27 ኪሎ መኖ ከፊሉ እዚህ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ነገር ኦሃዮ እንግዳ አይደለችም። ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ካሉት ግዛቶች በበግ ብዛት ግንባር ቀደም ናት። ከኮለምበስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ነድቶ የሚደረስባት ውስተር ደግሞ የፈርስ ጥናት ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1940ዎቹ መጨረሻ እዚያ በነበረው የግብርና ምርምር ጣቢያ ፓውንደንና ሂብስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ከአዋቂ ላም አፍ የምታመሰኳውን ጉርሻ እየወሰዱ ለጥጆች ያጎርሱ ነበር። ከትልልቆቹ ተለይተው ያደጉ ጥጆች ጨጓራ ውስጥ ፕሮቶዞዋ እንደማይገኝ፣ ጉርሻውን ያገኙት ጨጓራ ውስጥ ግን እንደሚራባ አሳዩ። በኋላም በርክ ዲሆሪቲ እዚያው ውስተር ለአሥርት ዓመታት አጉሊ መነጽሩ ላይ አጎንብሶ እነዚህን ፕሮቶዞዋዎች ሲለይና ሲቆጥር ኖረ፤ የዕድሜ ልክ ሥራውን የያዘው መጽሐፉ በ2003 ታትሟል። ዛሬ ጣቢያው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ኮለምበስ ባለው ዋናው ግቢም እንደ ጄፍሪ ፈርኪንስና ዦንግታንግ ዩ ያሉ ፕሮፌሰሮች በጨጓራ ተህዋስያን ላይ ሠርተዋል።

ፕሮቶዞዋ ለበጉ ወዳጅ ነው ወይስ ሸክም? መልሱ የሚያናድድ ነው። ፕሮቶዞዋ ባክቴሪያ ይበላል፤ በጉ ሊያገኘው የሚገባውን ፕሮቲን ከመንገድ ያስቀርበታል። በዌልስ አበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ጄሚ ኒውቦልድና ባልደረቦቹ በ2015 የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስበው ሲያሰሉ፣ ፕሮቶዞዋ ከጨጓራ ሲጠፋ ከተህዋስያን የሚገኘው ፕሮቲን እስከ 30 በመቶ እንደሚጨምር፣ ሜቴን ደግሞ እስከ 11 በመቶ እንደሚቀንስ አገኙ። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው «ታዲያ ለምን አይጠፋም?» ይላል። እዚያው ሌላም ነገር ተጽፏል፤ ፕሮቶዞዋ ሲጠፋ አሰር የመፍጨት አቅም ይወርዳል። በቆሎ ለሚበላ የኦሃዮ ጠቦት ይህ ጉዳት ቀላል ሊሆን ይችላል። ክረምት ከበጋ ጭድና ገለባ ለሚያኝክ በግ ግን ያለውን መቀማት ነው።

በ2017 ከዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ የወጣ የበግ ጥናትም ወደዚሁ ያመራል። ተመራማሪዎቹ አንዳንዶቹን በጎች ድርቆሽ ነክ መኖ፣ ሌሎቹን እህል የበዛበት መኖ አብልተው ቆጣቢና አባካኝ የሆኑትን ለዩ፤ ፈርሳቸውንም መረመሩ። በቆጣቢዎቹና በአባካኞቹ መካከል የተህዋስያን ልዩነት ነበረ። ልዩነቱ ግን በሁለቱ መኖዎች አንድ ዓይነት አልነበረም። እህል በሚበሉት ዘንድ የቆጣቢነት ምልክት ሆኖ የታየው፣ ድርቆሽ በሚበሉት ዘንድ ያንኑ ሥራ አይሠራም። ይህ ዓምደኛ ስለ ጉዳዩ ካነበባቸው ሁሉ አብልጦ የያዘው ይህን ነው፤ ምክንያቱም አንድን «ጥሩ ባክቴሪያ» ለይቶ፣ ጠርሙስ ውስጥ ከቶ፣ ከአህጉር አህጉር የመሸጥን ሕልም ያቀዘቅዛል።

በጉ ራሱም ዝም ብሎ ዕቃ አይደለም። አውስትራሊያ ውስጥ የተጠኑ ሜቴን የማያበዙ በጎች ጨጓራቸው አነስ ያለ፣ ፈርሳቸውም ቶሎ የሚያልፍ ሆኖ ተገኝቷል። ኒውዚላንድ ይህንኑ ባሕርይ በዘር እየመረጠች ከትውልድ ወደ ትውልድ አሳልፋለች። የጨጓራው መጠን ሲለወጥ በውስጡ የሚኖረውም ይለወጣል። ዓመቱን ሙሉ ለምለም ሣር ላለው አገር ይህ ሸጋ ነው።

አሁን መንዝ እንሂድ። ብርድ፣ ገብስ፣ አጭር ሣር። የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ ጸጉሩ ዝተትና ባና ይሠራበታል፤ ላቱ የክፉ ቀን ስንቁ ነው። የሚበላው በበጋ የገብስ ጭድና የምስር ገለባ፣ ሙክት ሊሆን ሲታሰብ አተላ፣ ሲገኝ ፉርሽካና ፋጉሎ ነው። ለዚህ በግ ጨጓራው ጠቦ ፈርሱ ቶሎ ቢያልፍ ምን ይጠቅመዋል? ጭድ ጊዜ ይፈልጋል። ኒውዚላንድ ላይ ቁጠባ የተባለው መንዝ ላይ ረሃብ ሊሆን ይችላል። 40 ሚሊዮን ያህል በግ ያላት ኢትዮጵያ የራሷን ፈርስ ራሷ መመርመር አለባት የሚባለው ለኩራት አይደለም፤ የሌላው ሒሳብ ስለማይገጥማት ነው።

ተህዋስያን ከቦታ ቦታ ተወስደው የሠሩበት ጊዜ የለም ማለት ግን አይደለም። ሉኬኒያ በኢትዮጵያም ለመኖ የተተከለች ዛፍ ናት፤ ቅጠሏ ፕሮቲን የሞላበት፣ ውስጡ ግን መርዝ ያለበት ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ይህን ቅጠል አብዝተው የበሉ እንስሳት ጸጉራቸው ይረግፍ፣ እንቅርት ያወጡ ነበር። ሬይመንድ ጆንስ የተባለ ተመራማሪ የሃዋይ ፍየሎች ያንኑ ቅጠል በልተው ምንም እንደማይሆኑ አየ። ከሃዋዮቹ ፈርስ የተገኙት ባክቴሪያዎች ለአውስትራሊያዎቹ ሲሰጧቸው መርዙን ቻሉት፤ ውጤቱ በ1986 ታተመ። መርዙን የሚያፈርሰው ባክቴሪያም በ1992 ስም ሲወጣለት በእሱ ስም ሲነርጂስቴስ ጆንሲ ተባለ።

ኢትዮጵያም የዚህ ታሪክ ተካፋይ ናት። በ1990ዎቹ አግነስ ኦዴንዮና ፓስካል ኦሱጂ፣ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የኢትዮጵያ ቅርንጫፍ ሆነው፣ ታኒን የበዛባቸውን የዛፍ ቅጠሎች የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎችን ከምሥራቅ አፍሪካ በጎች፣ ፍየሎችና የዱር ሚዳቋ ዘመዶች ፈርስ ውስጥ ለይተው አወጡ። ሥራቸው በ1998 ታትሟል። ታኒን ማለት ያልበሰለ ፍሬ ሲቀመስ ምላስ የሚያጨማድደው ነገር ነው፤ ፕሮቲንን ጨምድዶ ይይዝና ለበጉ አይለቅም። ቆላ ላይ ግራር ሲቀነጥብ የኖረ ፍየል ጨጓራ ውስጥ ይህን የሚፈታ ሠራተኛ መኖሩ አያስገርምም። የሚያስቆጨው፣ ነገሩ ከተገኘ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎት ሳለ ስለ መኖ በሚወራበት ስብሰባ ሁሉ የሚነሳው የዘር ማሻሻልና ከውጭ የሚመጣ ዱቄት መሆኑ ነው።

የሉኬኒያ ታሪክ የተሳካው ሥራው አንድና ግልጽ ስለሆነ ነው፤ መርዝ አለ፣ መርዙን የሚበላ ባክቴሪያ ጎደለ፣ ተሰጠ። ቆጣቢነት እንዲህ አይደለም፤ የሺህ ዓይነት ተህዋስያን የጋራ ሥራ ነው። ፖል ዋይመር የተባለ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ2010 ባወጡት ሙከራ የላሞችን ፈርስ ከ95 በመቶ በላይ እርስ በርስ አለዋወጡ። ጥቂት ሳምንታት ሲያልፉ የተህዋስያኑ ስብስብ ወደየባለቤቱ የቀድሞ መልክ አዘነበለ። ጋኑ ጠላውን መረጠ። «ይህን ዱቄት መኖ ላይ ነስንሱና በጋችሁ ይወፍራል» የሚል ነጋዴ ሲመጣ ገበሬው መጀመሪያ ይህን ሙከራ ያስታውስ።

ታዲያ ከየት ይጀመር? በ2009 በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር አርቢዎች ራሳቸው አውራ በግ የሚመርጡበት ማኅበረሰብ አቀፍ የዘር ማሻሻያ ተጀመረ። ጠቦት በስድስት ወሩ ይመዘናል፤ የተሻለው ለአውራነት ይቀራል፣ ሌላው ይሸጣል ወይም ይኮላሻል። ጥሩ ሥራ ነው። ግን የሚመዘነው በጉ እንጂ የበላው አይደለም፤ በወል ግጦሽ ላይ የሚውል መንጋ ስንት እንደበላ ማን ቆጥሮ ይዘልቀዋል? አቋራጭ ግን አለ። የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች በ2015 እንዳሳዩት በግ ሲያመሰኳ ጨጓራው ውስጥ ያለው ሁሉ ናሙናው አፉ ውስጥ ይመጣል፤ አፉን በጥጥ እንጨት ጠርጎ የተህዋስያኑን ዘረ መል በመመርመር የፈርሱን ነዋሪዎች ማወቅ ይቻላል። ጨጓራ መብሳት፣ ቱቦ ማስገባት የለም። መንዝ ላይ በስድስት ወሩ ሚዛን የሚወጣ ጠቦት አፉን በዚያው ቢጠረግ የሚፈጀው ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የሚመጣው የዘር ምርጫ ከኦሃዮ በቆሎ ጋር ሳይሆን ከገብስ ጭድ ጋር የተመዘገበ የፈርስ መዝገብ ይኖረዋል።

ኮለምበስ አጠገብ ባለው በረት ሰውየው የበጉን ከንፈር ገልጦ የወተት ጥርሱን ያልነቀለ መሆኑን አረጋግጧል። በጉ ሲያመሰኳ ነው የያዘው። አረንጓዴው ጉርሻ በጥርሱና በጉንጩ መካከል እንዳለ ነው፤ ከሰውየው አውራ ጣት ላይም ትንሽ ተለጥፏል። ጣቱን ሱሪው ላይ ይጠርግና ዋጋ መከራከር ይጀምራል።