ዩኒቨርሲቲው የት ነበር? የአርሲ ሴት ሯጮችና ያልተከፈተላቸው በር

ከአዳማ ተነስቶ ወደ አሰላ የሚጓዝ ሰው ዴራን ሲያልፍ አገሩ መለወጥ ይጀምራል። የስምጥ ሸለቆው ሙቀት ወደ ኋላ ይቀራል፤ መንገዱ በኢተያ በኩል ሽቅብ ይወጣል፤ የስንዴና የገብስ ማሳ ይከተላል። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2400 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጣለች። ወደ ደቡብ ሲቀጥሉ በቆጂ ደግሞ ወደ 2800 ሜትር ትጠጋለች።

ይህ ደጋ ለኢትዮጵያ ምን እንደሰጠ በቁጥር እንየው። የኢትዮጵያ ሴቶች እስከ ፓሪሱ ኦሎምፒክ ድረስ ያመጡት የወርቅ ሜዳሊያ 10 ነው። ከ10ሩ 7ቱ የአርሲ ልጆች ናቸው። ደራርቱ ቱሉ 2 (ባርሴሎና 1992 እና ሲድኒ 2000 እ.ኤ.አ.)፣ ፋጡማ ሮባ 1 (አትላንታ 1996)፣ ጥሩነሽ ዲባባ 3 (ቤጂንግ 2008 ላይ ሁለት፣ ለንደን 2012 ላይ አንድ)፣ ቲኪ ገላና 1 (ለንደን 2012)። አራት ሴቶች፣ ሰባት ወርቅ፣ በቆጂና በዙሪያዋ ካሉ የገጠር ቀበሌዎች።

አሁን ጥያቄው ይምጣ። ከእነዚህ አራት ሴቶች መካከል በዩኒቨርሲቲ ቡድን ውስጥ ሮጣ ለወርቅ የበቃች አለች? አንድም የለችም። ዩኒቨርሲቲው የት ነበር?

መልሱን ለማግኘት የአገሪቱን ሩጫ ማን እንዳሳደገው ማየት ይበቃል። አበበ ቢቂላ በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ከእሱ በኋላ የመጡትም በአብዛኛው የጦሩ፣ የፖሊሱ፣ የማረሚያ ቤቱ፣ የንግድ ባንኩ፣ የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካው ሯጮች ናቸው። ሯጭን ደመወዝ ከፍሎ፣ መኝታና አሠልጣኝ ሰጥቶ ያቆመው ካምፕና መሥሪያ ቤት ነው። ለዚህ ሊመሰገኑ ይገባል። ግን ሲሚንቶ ፋብሪካ ያደረገውን ዩኒቨርሲቲ ለምን አላደረገም ብሎ የጠየቀ ብዙ ሰው የለም።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሯጮቹን ጨርሶ አያውቋቸውም ማለት አይደለም። ሜዳሊያው ከመጣ በኋላ በደንብ ያውቋቸዋል። ለድል አድራጊ አትሌት የክብር ዶክትሬት መስጠት ልማድ ሆኗል። ጋዎኑ ይለበሳል፣ ፎቶው ይነሳል፣ ጭብጨባው ይቀልጣል። ነገሩ ደስ ይላል፤ ግን አንድ እውነት ይደብቃል። ለሴት ሯጭ የዩኒቨርሲቲው በር የሚከፈተው ለመማር ስትመጣ ሳይሆን ልትከበር ስትመጣ ነው።

የጥሩነሽ ዲባባን ታሪክ አስታውሱ። በ15 ዓመቷ ገደማ ከአርሲ ወደ አዲስ አበባ የመጣችው ልትማር ነበር። ስትደርስ የትምህርት ቤት ምዝገባ አልፎባት ነበር። ወደ አገሯ እንዳትመለስ ከእህቷ ከእጅጋየሁ ጋር ሆና የማረሚያ ቤቶችን ክለብ ተቀላቀለች። በ2001 እ.ኤ.አ. በዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ኢትዮጵያን ወክላ ሮጠች። የቀረውን ዓለም ያውቀዋል። ይህን ታሪክ ስንተርከው እንደ ዕድል ቆጥረን “እንኳንም ምዝገባው አለፈባት!” እንላለን። እስቲ ቆም ብለን እናስበው። አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ወይ ትማራለች ወይ ትሮጣለች፤ ሁለቱ አንድ ላይ አይሆኑም ማለት ነው። ጥሩነሽ ከሚሊዮኖች አንዷ ስለሆነች ታሪኩ በደስታ አለቀ። በዚያው ዓመት ትምህርቷን ትታ መሮጥ የጀመረችው፣ ግን ጉልበቷን ያመማት ልጅ ታሪክ ግን አልተጻፈም።

ዛሬስ ተለውጧል? አንዲት የዴራ የ10ኛ ክፍል ተማሪ እንውሰድ። በትምህርት ቤቶች ውድድር 1500 ሜትር ቀድማ ገባች እንበል። የስፖርት አስተማሪዋ “አንቺ ልጅ፣ አሰላ መሄድ አለብሽ” ይላታል። አባቷ “ትምህርቱስ?” ብለው ይጠይቃሉ። የአባትየው ጥያቄ ትክክል ነው፤ መልስ የሚሰጣቸው ግን የለም። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው በር አንድ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና። በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ቀኑን ሙሉ ሲያጠና የከረመ ተማሪ ከመቶ ጥቂት ብቻ በሚያልፍበት ፈተና፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ 15 ኪሎ ሜትር ሮጣ፣ ደክማ ክፍል የምትገባ ልጅ በየትኛው ተአምር ታልፋለች? ስለዚህ ትመርጣለች። ሩጫውን ከመረጠች መጻሕፍቱን ትዘጋለች። ትምህርቱን ከመረጠች አገሪቱ አንዲት ሯጭ ታጣለች።

“ሩጫ ገንዘብ ነው፤ ዲግሪ ምን ያደርግላታል?” የሚል አይጠፋም። ይህ ክርክር የሚሠራው ለሚያሸንፉት ብቻ ነው። አንድ አገር በኦሎምፒክ በአንድ ርቀት ማሰለፍ የሚችለው 3 ሯጭ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ 10,000 ሜትርን በዓለም ደረጃ ፈጣን በሆነ ሰዓት የሚሮጡ ሴቶች ከሦስት በላይ መሆናቸውን ለስፖርቱ ተከታታይ መንገር አያስፈልግም። አራተኛዋ፣ አሥረኛዋ፣ ሃምሳኛዋ የት ትሄዳለች? አንዳንዷ ዜግነት ትቀይራለች። በ2007 እና በ2009 እ.ኤ.አ. የ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው የባሕሬኗ ማርያም ዩሱፍ ጀማል የተወለደችው አርሲ ውስጥ ነው፤ የቀድሞ ስሟ ዘነበች ቶላ ነበር። ሌላዋ በውጭ አገር የጎዳና ውድድሮች እየዞረች በማታነበው ቋንቋ የተጻፈ ውል ትፈርማለች። ወኪሉ ከምታገኘው ላይ የተለመደውን 15 በመቶ ይወስዳል፤ ውሉ ላይ ሌላ ምን እንደተጻፈ የሚነግራት ካለ ዕድለኛ ናት። የቀረችው ጉዳት ይዟት በ24 ዓመቷ ወደ ወላጆቿ ቤት ትመለሳለች። በእጇ የ9ኛ ክፍል ካርድ ካለ አለ፤ ከሌለ የለም። ዲግሪ የሚያስፈልገው ለእሷ ነው።

“ትምህርት ሯጭን ያዘገያል” የሚልም አለ። ሲፋን ሐሰን አዳማ ውስጥ ተወልዳ በ2008 እ.ኤ.አ. በ15 ዓመቷ በስደት ኔዘርላንድስ ገባች። በቁም ነገር መሮጥ የጀመረችው እዚያ ነርሲንግ እየተማረች ነው። ቶኪዮ ላይ 5,000 እና 10,000 ሜትርን፣ ፓሪስ ላይ ማራቶንን አሸነፈች። ኤርትራዊቷ ወይኒ ቀላቲ በ2014 እ.ኤ.አ. ለዓለም ወጣቶች ሻምፒዮና ወደ አሜሪካ ሄዳ እዚያው ቀረች። የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆና በ2019 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነች። ሁለቱም የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ልጆች ናቸው። ትምህርትና ሩጫ እግራቸው ሥር አልተጣሉም። የተለየው የደረሱበት አገር ነው፤ እዚያ “ወይ ይህ ወይ ያ” ያላቸው አልነበረም።

የአሜሪካው ነገር ከየት መጣ? ከሀብት ብቻ አይደለም። በ1972 እ.ኤ.አ. የጸደቀ በእንግሊዝኛው 37 ቃላት ብቻ ያሉት አንድ የሕግ አንቀጽ አለ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ማንኛውም የትምህርት ተቋም በፆታ ምክንያት ማንንም ማግለል አይችልም ይላል። ስፖርት የሚል ቃል በውስጡ የለም። ሴቶቹ ግን ያዙት፤ “ለወንዶቹ ቡድን ካላችሁ ለእኛም አቋቁሙ” ብለው ተሟገቱበት። ዩኒቨርሲቲዎቹ ያኔ ያሉት የእኛዎቹ ዛሬ የሚሉትን ነበር፤ በጀት የለም፣ ሜዳ የለም፣ ሴቶቹ ፍላጎት የላቸውም። ሕጉ በጸደቀበት ዓመት በመላው አሜሪካ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት የሚሳተፉ ሴት ልጆች 300,000 አይሞሉም ነበር። ዛሬ ከ3 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ፍላጎቱ ኖሯል፤ በሩ ነበር የጠፋው።

ለምሳሌ ሶፍትቦልን ውሰዱ። የቤዝቦል ዘመድ ነው፤ ኳሱ ተለቅ ይላል፣ ሜዳው ጠበብ ይላል፣ ኳሱም ከታች ወደ ላይ ይወረወራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ስሙን የሰማ ጥቂት ነው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ግን የሴቶች ሶፍትቦል ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የራሱ ብሔራዊ ሻምፒዮና አለው፤ በከፍተኛው ምድብ አንድ ቡድን ለብዙ ዓመታት እስከ 12 ሙሉ ስኮላርሺፕ የሚያህል ድጋፍ ለተጫዋቾቹ ማከፋፈል ይችል ነበር። አብዛኞቹ ቡድኖች ለዩኒቨርሲቲያቸው ትርፍ አያስገቡም። ከተጫዋቾቹ ብዙዎቹ ከምረቃ በኋላ ኳስ አይነኩም፤ መምህር፣ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ አሠልጣኝ ይሆናሉ። የአሜሪካው ሥርዓት ጻድቅ አይደለም፤ ተማሪን በስፖርት እያደከመ በክፍል የሚያስረሳ ዩኒቨርሲቲ እዚያም ሞልቷል። ቢሆንም በዓለም አደባባይ ስማቸውን ማንም ለማያውቃቸው የኳስ ተጫዋች ሴቶች ዲግሪ መስጫ መንገድ ተገኘ። ዓለም ስማቸውን ለሚያውቃቸው ለአርሲ ሯጮች ግን እኛ እስካሁን መንገድ አላገኘንም።

አንድ ግጥምጥሞሽ አለ። ያ ሕግ የጸደቀበት 1972 ደራርቱ ቱሉ የተወለደችበት ዓመት ነው። እሷ ልጅ ሳለች የሴቶች 10,000 ሜትር በኦሎምፒክ አልነበረም፤ የገባው በ1988 ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ የ1984ቱንም የ1988ቱንም ኦሎምፒክ በፖለቲካ ምክንያት አልተሳተፈችም። በ1992 ባርሴሎና ላይ በሩ ሲከፈት ደራርቱ በመጀመሪያው ዕድሏ ገብታ ወርቁን ወሰደች፤ ከሰሐራ በታች ካለው አፍሪካ ለኦሎምፒክ ወርቅ የበቃች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች። የአርሲ ሴቶች በር ሲከፈትላቸው ምን እንደሚያደርጉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

አሁን ወደ አሰላ እንመለስ። በዚህች ከተማ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል አለ። እዚያው ከተማ ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሁለቱም የመንግሥት ናቸው፤ ሁለቱም የሚተዳደሩት በዚያው ሕዝብ ግብር ነው። በአንዱ ግቢ የአገሪቱ ተስፋ የሆኑ ወጣት ሴቶች ይሮጣሉ። በሌላው ግቢ መምህር፣ ቤተ መጻሕፍት፣ መኝታና ካፌ አለ። መካከላቸው ያለው ርቀት በባጃጅ የሚያልቅ ነው። በሕግና በአሠራር ግን ሁለቱ ግቢዎች በሁለት የተለያዩ አገሮች ያሉ ይመስላሉ።

የሚጠየቀው ነገር ተራራ መግፋት አይደለም። አንደኛ፣ ትምህርት ሚኒስቴር በብሔራዊ ደረጃ ለሚወዳደሩ ወጣት አትሌቶች የመግቢያ ኮታና የማካካሻ ትምህርት ይፍቀድ፤ ለሌሎች ምክንያቶች ልዩ ድጋፍ ሲሰጥ ኖሯል፤ አዲስ ነገር አይደለም። ሁለተኛ፣ የአራት ዓመቱ ትምህርት ለሯጭ በስድስት ወይም በሰባት ዓመት የሚጠናቀቅበት መንገድ ይዘጋጅ፤ ውድድር ላይ ስትሆን ትምህርቷን ታቋርጣለች፤ ስትመለስ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ሦስተኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎች ዓመት ጠብቆ ከሚመጣ ፌስቲቫል አልፈው እንደ ባንክና እንደ ፖሊስ ቋሚ የሴቶች የአትሌቲክስ ክለብ ያቋቁሙ፤ ከሴቶቹ ጋር የሚፈራረሙት ውልም መማርን እንደ ግዴታ ይያዝ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎቹም በዚያው መንገድ ላይ ናቸው። ራስ ገዝ ተቋም “ከላይ አልተፈቀደልንም” ማለት አይችልም።

“በጀት የለም” ለሚለው አበው መልሰውታል፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። አልጋው አለ፤ መምህሩ አለ፤ ሜዳውና አየሩ ደግሞ የተፈጥሮ ነው፤ አርሲ ላይ ኪራይ አይከፈልበትም። ለአንድ የክብር ዶክትሬት ሥነ ሥርዓት ድንኳን፣ ድግስና አበል የሚገኝ ከሆነ፣ ለሃያ ሴት ሯጮች የመኝታና የምግብ ወጪ ጠፋ ማለት ያስተዛዝባል።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ የዴራው አባት “ትምህርቱስ?” ሲሉ ልጃቸውን ከሩጫ ቢከለክሏት ማንም አይፍረድባቸው። ኋላ ቀር አይደሉም፤ ሒሳቡን ከሁላችንም በተሻለ አስልተውታል። ልጃቸውን ለአገር ቢሰጡ አገር ለልጃቸው ምን እንደምትሰጥ ነው የጠየቁት። በሚቀጥለው የምረቃ ቀን የክብር ጋዎን ለማልበስ የሚዘጋጅ ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ከሥነ ሥርዓቱ በፊት ይህን ጥያቄ ይመልስ።