የሳምንቱ ጨዋታ፦ መብራት ሄደ ወይስ አለቀ?

ዛሬ ስለ አንድ ወንበዴና ስለ አንድ ምግብ ቤት በር እንጫወታለን።

ሰቆጣ ለገበያ ስትወጡ ቴሌቪዥን ያለበት ሻይ ቤት ተቀምጣችሁ ታውቁ ይሆናል። ድራማ ይታያል። ድራማ ማለት ሰዎች ሌላ ሰው መስለው የሚጫወቱት ታሪክ ነው። ገዳዩ ሊያዝ ሲል፣ ሁሉም ዝም ብሎ ሲያይ፣ ድርግም! መብራት ይሄዳል። ያን ጊዜ ጩኸት ነው። "ምነው አሁን!" ይላል ሰው ሁሉ። ባለ ሻይ ቤቱ ምን ያድርግ? እሱም ጨለማ ውስጥ ነው።

በአሜሪካ አገር እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ምሽት በሚሊዮን በሚቆጠር ሰው ላይ ደረሰ። ዕለቱ እሑድ፣ ሰኔ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ነበር። መብራት ግን አልሄደም።

ድራማው "ሶፕራኖስ" ይባላል። በ1991 ዓ.ም. ተጀምሮ በ86 ክፍል የታየ ነው። ዋናው ሰው ቶኒ ሶፕራኖ የማፊያ አለቃ ነው። ማፊያ የሚባሉት ተደራጅተው የሚዘርፉ፣ የሚያስፈራሩ፣ የሚገድሉ ወንበዴዎች ናቸው። ቶኒ ቤቱ ሲገባ ግን እንደማንኛውም አባወራ ነው። ከሚስቱ ይጨቃጨቃል፤ ስለ ልጆቹ ይጨነቃል። ልቡ ሲታወክ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ያለቅሳል። ይኸው ሰው እንደ ልጁ የሚያየውን የሥጋ ዘመዱን አፍንጫውን ይዞ፣ ትንፋሽ አሳጥቶ ገድሎታል። ተመልካቹ ስምንት ዓመት አብሮት ስለከረመ ጠላውም፣ ወደደውም።

ይህ ባገራችንም ያለ ነው። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይታይ በነበረው "ሰው ለሰው" ድራማ አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ክፉ ሰው ነበር። ቢሆንም ሰው የሚያወራው ስለ ደጎቹ ሳይሆን ስለ አስናቀ ነበር።

ወደ ቶኒ እንመለስ። በመጨረሻው ክፍል ከጠላቱ ሰዎች ጋር ተስማምቷል። ዋናው ጠላቱም ተገድሏል። ስለዚህ ከቤተሰቡ ጋር ራት ሊበላ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገባ። በሯ ላይ ቃጭል አለ። ሰው በገባ ቁጥር ቃጭሉ ይጮኻል። ቃጭሉ በጮኸ ቁጥር ቶኒ ቀና ይላል። ሚስቱ ገባች። ልጁ ገባ። አንድ የማይታወቅ ሰውም ገብቶ፣ ቶኒን አየት አድርጎ ወደ ሽንት ቤት ሄደ። ሴት ልጁ ውጭ መኪናዋን ለማቆም ትታገላለች። የተጠበሰ ሽንኩርት ቀረበላቸው፤ በሉ። ቃጭሉ እንደገና ጮኸ። ቶኒ ቀና አለ።

ድርግም!

መስኮቱ ጠቆረ። ድምፅ የለም። ጨለማው አሥር ሰኮንድ ያህል ቆየ። ከዚያ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር መጣ። አለቀ።

12 ሚሊዮን ያህል ሰው ይመለከት ነበር። ብዙው ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መሰለው። አንዱ ሪሞቱን ይነካካል፤ ሌላው ተነሥቶ ገመዱን ያያል። ነገሩ ሲገባቸው ተናደዱ። "ስምንት ዓመት ጠብቀን ፍርዱን ሳናይ!" አሉ። ድሮ ባገራችን ወንጀል ሠሪው ሲጠፋ ሕዝቡ ተሰብስቦ አውጫጭ ይቀመጥ ነበር። ሁሉም ያየውን፣ የሰማውን ይናገራል። አሜሪካኖቹም አውጫጭ ተቀመጡ ማለት ይቻላል። "ያ ሽንት ቤት የገባው ሰው ገድሎታል" ያለ አለ። "የለም፣ ራቱን በልቶ ቤቱ ገባ" ያለም አለ።

ሰው እንዲህ መናደዱ አይገርመኝም። በዚያው አገር ነሐሴ 23 ቀን 1959 ዓ.ም. ሌላ የወንጀል ድራማ አልቆ ነበር። ታሪኩ ሚስቱን ገደለ ተብሎ በሐሰት የተፈረደበት ሐኪም ታሪክ ነው። አምልጦ እውነተኛውን ገዳይ፣ አንድ እጅ ብቻ ያለውን ሰው፣ አራት ዓመት ፈለገው። በመጨረሻ አገኘው፤ ገዳዩም አመነ፤ ሐኪሙ ነጻ ወጣ። ያን ምሽት ቴሌቪዥን ከከፈቱት ከመቶው ቤት 72ቱ ያዩት ይህንኑ ነው። ደስ ብሏቸው ተኙ። ፍርድ የተጠማ ሰው ፍርድ ሲያይ እንቅልፉ ይመጣል።

ቶኒን የጻፈው ዴቪድ ቼዝ ግን ያንን አልሰጣቸውም። በዚያን ሰሞን ፈረንሳይ አገር ነበር። "ሁሉ ነገር እዚያው ውስጥ አለ፤ አላብራራም" የሚል መልስ ሰጠ።

እኔ ነገሩን ሳስበው የሚመጣብኝ ያ ቃጭል ነው። እናንተ በሰሃላም ሆነ በሰቆጣ ያላችሁ፣ ደም ያለበት ሰው እንዴት እንደሚኖር ታውቃላችሁ። ሰርግ ቤት ቢጠራ ጀርባውን ለበር አይሰጥም። ውሻ ሲጮህ ጉርሻው እጁ ላይ ይቀራል። ገበያ አይውል፣ ዘመድ አይቀብር። ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሳ ተከፍሎ ደሙ እስኪደርቅ ድረስ ኑሮው ይኸው ነው። ሟች ያለበት ቤትም ያለቅሳል፤ የገዳይ ልጆችም አባታቸው በሩን ሲያይ እያዩ ያድጋሉ። የቶኒ ልጅ ሽንኩርቱን ሲበላ አባቱ የሚያየው በሩን ነበር። እንግዲህ ጥይቱ መጣም አልመጣም፣ ፍርዱ አልታየም ማለት ይቻላል? አንዳንዱ ተመልካች ውሎ አድሮ ይህን አስተዋለ። አንዳንዱ ግን እስከ ዛሬ አልተዋጠለትም።

ቶኒን ሆኖ የተጫወተው ጄምስ ጋንዶልፊኒ በ2005 ዓ.ም. ጣሊያን አገር ሮም ከተማ በልብ ሕመም ሞተ። ዕድሜው 51 ነበር። ዴቪድ ቼዝም በ2014 ዓ.ም. አፉ ላላ። መጀመሪያ ያሰበው ቶኒ ወደ ስብሰባ ሲሄድ እንዲሞት ነበር። ኋላ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት አይቶ ሐሳቡን ለወጠና እዚያ አደረገው።

ራቱ የተቀረጸባት ምግብ ቤት ኒው ጀርሲ በሚባለው ክፍለ ሀገር ናት። ቤተሰቡ የተቀመጡበት ወንበርና ጠረጴዛ በ2016 ዓ.ም. በጨረታ ወጣ። 82,600 ዶላር አወጣ። ለወንበርና ለጠረጴዛ ነው እንግዲህ!