አዝማሪ ብትሉን አንቀየምም



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ተመራቂዎች መሸኛ ምሽት ሲመከር ሁለት ሐሳቦች እንደ ቀረቡ የተገኛችሁ ሁሉ ታስታውሳላችሁ። አንደኛው፣ በምሽቱ የተማሪው ባንድ መጫወቱ ቀርቶ ድምፅ ማጉያና ዲጄ በኪራይ ይምጣ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከምግብ አዳራሹ ጀርባ ያለችው የልምምድ ክፍላችን ተዘግታ የተሰባበሩ ወንበሮች ማስቀመጫ ትሁን የሚል ነው። ክርክሩ በወጉ ሳይጀመር አንድ ወንድማችን ተነሥቶ «ለአዝማሪ ደግሞ ክፍል ምን ያደርግለታል?» አለ። አዳራሹ በሣቅ ተናጋ። ሰብሳቢውም ሣቀ። ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።

እኛ በዚያን ዕለት ዝም አልን። ዝም ያልነው መልስ አጥተን አይደለም፤ ሣቁ ስላስደነገጠን ነው። ተናጋሪውን ብቻውን አንወቅሰውም፤ ለአንድ ሰው ቀልድ ሊያመልጠው ይችላል። አዳራሽ ሙሉ ሰው አብሮ ሲሥቅ ግን ነገሩ ከቀልድ አልፎ እምነት ይሆናል። ስለዚህ መልሳችንን በዚህች ጋዜጣ በኩል እንሰጣለን።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ እንናገር። «አዝማሪ» የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው። መዝሙርም፣ ዝማሬም፣ መዘምርም የዚያው ግንድ ቅርንጫፎች ናቸው። እሑድ ጠዋት መዘምር ሲባል የሚከበረው ስም ቅዳሜ ማታ አዝማሪ ሲባል የሚዋረደው በምን ሕግ ነው? አያቶቻችን ማረሻ የሚሠራላቸውን ቀጥቃጭ «ቡዳ» ብለው ይሸሹት ነበር፤ ሸማ የሚያለብሳቸውን ሸማኔ ይንቁት ነበር፤ እንስራ የምትሠራላቸውን ሴት ያርቋት ነበር። አዝማሪውም ከነዚሁ ጋር ተቆጠረ። ያለ እርሱ ሠርጉ አይደምቅም፤ ልጁን ለእርሱ የሚድርለት ግን አይገኝም። ይህን ሁሉ እኛ ተማሪዎች በፈተና ወረቀት ላይ «ኋላ ቀር አስተሳሰብ» ብለን እናወግዝና ጥሩ ማርክ እናገኝበታለን። ከፈተናው ወጥተን ጉባኤ ስንገባ ደግሞ እንሥቃለን። ታዲያ ትምህርቱ የቀረው ወረቀቱ ላይ ነው ማለት ነው።

የአዝማሪን ዋጋ ከኛ ይልቅ ጠላት ዐውቆት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቦምብ ከተወረወረበት በኋላ፣ ግራዚያኒ ተይዘው እንዲገደሉ ካዘዘባቸው ሰዎች መካከል ጠንቋዮች ብቻ ሳይሆኑ ከመንደር መንደር እየዞሩ የሚያዜሙም ነበሩበት። አውሮፕላንና መትረየስ ያለው ሰው ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር ያለውን መሰንቆ የሚፈራው ለምንድር ነው? ዘፈን ወሬ ስለሚያደርስና የተበተነውን ሰው ስለሚሰበስብ ነው። እንግዲህ ጠላት የፈራውን ሥራ ወገን ሊሥቅበት አይገባም።

እውነቱን እንናገር ከተባለ ደግሞ ስሙ ለኛ ይበዛብናል። አዝማሪ ማለት «ተቀበል!» ሲባል ከሰው አፍ የወጣውን ግጥም ሳያዛንፍ ይዞ በዜማ የሚመልስ፣ ሰሙን ለሁሉ ሰጥቶ ወርቁን ለሚገባው የሚያስቀር ባለ ሙያ ነው። እኛ ገና እዚያ አልደረስንም። እኛ ጀማሪዎች ነን።

ኑሯችንን የማታውቁ ካላችሁ እናስታውቃችሁ። አሥራ አንድ ነን። ከመካከላችን የምሕንድስና ተማሪ አለ፤ የነርስነት ተማሪ አለች፤ የሒሳብ አያያዝ የሚማሩ አሉ። ያለን ዕቃ ሁለት ጊታር፣ አንድ ቤዝ፣ አንድ ኪቦርድ፣ ቆዳው በፕላስተር የተጠገነ ድራም፣ ቁልፎቹ በላስቲክ የታሰሩ ሳክስፎንና አንድ ክራር ነው። የቤዙ አውታር ሲበጠስ ከቁርስ ገንዘባችን አዋጥተን እንገዛለን። በሳምንት አራት ቀን ከእራት በኋላ እንለማመዳለን። መብራት ሲጠፋ ክራሩ ብቻ ይቀራል። ያን ጊዜ በሞባይል ብርሃን ክብ ሠርተን ተቀምጠን የምናወጣው ድምፅ መብራት እያለ ከምናወጣው ሁሉ የተሻለ ሆኖ እናገኘዋለን።

ከዚህ የተማርነው ነገር አለ። አምስት ድምፆች ያሏቸው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶቻችን በክራር ላይ ሲቃኙ ልኩን የሚሰጠው የዘፋኙ ጉሮሮና የቃኚው ጆሮ ነው። ኪቦርዱ ግን አንዱን ኦክታቭ ለ12 እኩል ክፍሎች ቈራርጦ የተሠራ ስለሆነ፣ የክራሩ ድምፅ አንዳንድ ጊዜ ከሁለቱ ቁልፎች መካከል ይወድቃል። በዚህ የተነሣ አንቺ ሆዬን በኪቦርድ ስንጫወት ዜማው መልኩን እንጂ ጠረኑን አያመጣም። ይህን ያስተማረን መጽሐፍ አይደለም፤ ያቺ ልትዘጋ የታሰበችው ክፍል ናት።

ቅዳሜ ቅዳሜ አንዳንዶቻችን ለሠርግ እንጠራለን። ባንድ አይጠራም፤ የሚጠራው አንድ ሰው ከአንድ ኪቦርድ ጋር ነው። ከበሮው፣ ቤዙና ጭብጨባው ሁሉ ከማሽኑ ይወጣል። አንዲት ቁልፍ ስትነካ ችክችካው ይጀምራል፤ ከቀትር እስከ ማታ በአንድ ልክ ይቀጠቅጣል። በሌሎች ሰዎች ዜማ እንጀራ እንበላለን፤ የደራሲ መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መጻፉን እያወቅን ለደራሲው አንድ ሳንቲም ልከን አናውቅም። ይህንንም አንደብቅም። ምሳ የሚሰጠን ከእንግዶቹ በኋላ፣ በጓዳ በር በኩል ነው። አንድ ትልቅ ሰው ግንባራችን ላይ ብር ከለጠፉ በኋላ «ለመሆኑ ትማራለህ?» ብለው ጠየቁ። ዩኒቨርሲቲ መሆናችንን ስንነግራቸው ከልባቸው አዘኑልን። «ታዲያ ምን ነካህ ልጄ?» አሉ። የጉባኤያችን ሣቅና የእርሳቸው ኀዘን ከአንድ ምንጭ የተቀዱ ናቸው።

አሁን ደግሞ ስለ ዘመኑ ዘፈን ወደሚነሣው ክርክር እንለፍ። በግቢያችን ውስጥ ሁለት ወገኖች አሉ። አንዱ ወገን «የድሮው ወርቅ፣ የዛሬው ገለባ» ይላል። ሌላው ወገን «ዘፈን ከተባለ የውጭው ነው፤ የኛ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው» ይላል። ሁለቱም ይሳሳታሉ እንላለን።

የድሮውን የሚያመልኩት ወንድሞቻችን አንድ ነገር ይረሳሉ። ያ ወርቅ ከሰማይ አልወረደም፤ ቦታ፣ ዕቃና ደመወዝ ስለ ተሰጠው የበቀለ ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ከኢየሩሳሌም ሲያስመጡ፣ አሠልጣኛቸውን ኬቮርክ ናልባንዲያንን ጭምር ቀጥረው የነሐስ መሣሪያና ማደሪያ ሰጥተዋቸዋል። በኋላም ክብር ዘበኛው፣ ፖሊስ ሠራዊቱና ጦር ሠራዊቱ ለሙዚቀኞቻቸው በየወሩ ይከፍሉ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት ኦርኬስትራ ነበረው፤ ነርሰስ ናልባንዲያንም ሙዚቀኞቹን እዚያ አሠልጥኗል። ጥላሁን ገሠሠ ከአገር ፍቅር ወደ ክብር ዘበኛ ሲሄድ ገና ወጣት ነበር። አምሃ እሸቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ ሥልጣኑ በሕግ ለአገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር፤ እርሱ ግን ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ሳለ ደፍሮ አሳተመ። እንግዲህ «የድሮው» የምትሉት የያኔ ወጣት ሥራ ነው። በዚያን ጊዜም ሽማግሌዎቹ «ይህ ደግሞ ምን ጩኸት ነው?» ሳይሉ አልቀሩም።

ያ ዘመን ለምን ቆመ? ጆሮ ስለ ጠፋ አይደለም። ከ1966ቱ ለውጥ በኋላ የሰዓት እላፊ ታወጀ። ማታ የሚሠራ ባንድ ማታ ከተከለከለ ምን ይሠራል? የምሽት ቤቶች ጠበቡ፤ ብዙ ሙዚቀኞችም አገር ለቀው ሄዱ። ስምንትና አሥር ሰው ይሠራው የነበረውን ቀስ በቀስ አንድ ኪቦርድ ተረከበው። ስለዚህ ማሽኑን ብቻ መስደብ ምክንያቱን ትቶ ውጤቱን መስደብ ነው።

እኛ ማሽን አንጠላም። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1977 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ አኮርዲዮን፣ ኪቦርድና የማሽን ከበሮ ይዘው፣ ያለ ባንድ ብቻቸውን አንድ ሙሉ ሥራ ቀርጸዋል። ያው የምንሰድበው ማሽን በእርሳቸው እጅ ሌላ ሆነ። ከዚያም በኋላ በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነድተዋል፤ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት ኪቦርዳቸውን ከመኪናው አውጥተው ይለማመዱ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ያ ሥራ በውጭ አገር እንደገና ሲታተም ዓለም ሰማቸው፤ ወደ መድረክም ተመለሱ። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ያልተቋረጠ እጅ አይሞትም። እርሳቸው መኪናቸውን የልምምድ ክፍል አደረጉት። እኛ ግን መኪና የለንም፤ ያለችን አንዲት ክፍል ናት።

የውጭውን ብቻ ለሚያደንቁትና «ዘፈን የትምህርት ቁም ነገር የለውም» ለሚሉት አንዳንድ ክቡራን መምህሮቻችን ደግሞ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ብሪታንያ የተላኩት ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር። እርሳቸው ግን ሙዚቃ ተምረው፣ ከዚያም ወደ ቦስተን ተሻግረው፣ የኛን ቅኝት ከጃዝ ጋር አዋሕደው «ኢትዮ ጃዝ» የሚባለውን አቆሙ። የውጭው አድማጭ የወደደው የራሱን ነገር መልሰው ስላሰሙት አይደለም፤ እርሱ የማያውቀውን ቅኝት ስላገኘበት ነው። የውጭውን መማር ይገባል። የሚጎዳው የራስን ሳያውቁ መማር ነው።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንምጣ። «የተማሪው ችግር ውኃና መጽሐፍ ሆኖ ሳለ ስለ ዘፈን ክፍል መከራከር ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ይህ የሚናቅ ክርክር አይደለም። ውኃው ሲቋረጥ እኛም ጀሪካን ይዘን እንሰለፋለን። ነገር ግን ልብ በሉ፤ በጉባኤው የቀረበው ሐሳብ ገንዘቡ ለመጽሐፍ ይዋል አላለም። ለአንድ ሌሊት ድምፅ ማጉያ ይከራይ ነው ያለው። ድምፅ ማጉያው ሲነጋ ተጭኖ ይሄዳል፤ ከእርሱ የሚቀርልን የጆሮ ጩኸት ብቻ ነው። በክፍሏ ውስጥ ግን ባለፈው ዓመት ጊታር ጨብጦ የማያውቅ ልጅ ዛሬ ባቲ ይቃኛል። አንዲት እኅታችንም ሰው ፊት ለመናገር ስትፈራ ኖራ ዛሬ ቆማ ትዘፍናለች። የትኛው ነው ቅንጦቱ?

ከሁሉም በላይ የምንፈራው ሌላ ነገር ነው። በኪሳችን የዓለም ዘፈን ሁሉ አለ፤ በጆሯችን ቀኑን ሙሉ ይፈስሳል። ብዙ የሚሰማና ምንም የማይጫወት ትውልድ ልንሆን ነው። የሚሰማ ብቻ የሆነ ሰው የሰጡትን ይቀበላል፤ የሚጫወት ሰው ግን የሰጡትን ይመረምራል። ይህ ለዘፈን ብቻ የሚነገር ነገር እንዳልሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ጉባኤ ሦስት ነገሮችን እንጠይቃለን።

1ኛ/ የልምምድ ክፍሏ ቁልፍ በእጃችን ይቆይ። ወንበሮቹ መጠገኛ እንጂ መቃብር አያስፈልጋቸውም፤ ከመካከላችን አናጢ የሆኑ ስላሉ እነርሱንም በነፃ እንጠግናለን።

2ኛ/ በተመራቂዎች ምሽት የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ለተማሪው ባንድ ይሰጥ። ከዚያ በኋላ ዲጄው ቢመጣ አንቃወምም፤ እኛም እንጨፍራለን። ነገር ግን በዚያች አንድ ሰዓት የተቀረጸ ድምፅ ከፍተን አፋችንን ብቻ አናንቀሳቅስም። ብንሳሳት በገዛ እጃችን እንሳሳታለን።

3ኛ/ ከመምህሮቻችን መካከል መሣሪያ የሚጫወቱ እንዳሉ እናውቃለን። በወር አንድ ቀን መጥተው እንዲያርሙን በአክብሮት እንለምናለን። የሚንቁንም ቢሆኑ ይምጡ፤ ሰምተው ይናቁን።

ያ ቀልደኛ ወንድማችንም በምሽቱ ከፊተኛው ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ከወዲሁ ጋብዘነዋል። አዝማሪ ብሎናልና ወጉን ይፈጽም፤ ተነሥቶ «ተቀበል!» ይበለን፣ ግጥሙንም ይስጠን። እኛ እንቀበላለን።

ከሙዚቃ ክበቡ አባሎች