ቀን የሚያዛባው መዝጋቢው አይደለም

በኤክሴል ሰንጠረዥ ላይ ቀን ተዛብቶ ሲገኝ ፍርዱ አስቀድሞ ያለቀ ነው፤ «ያስገባው ሰው አልተጠነቀቀም» ይባላል። ሒሳብ ክፍሉም፣ የሰው ኃይል አስተዳደሩም ይህን ይደግማሉ። ፍርዱ ስህተት ነው፤ ንጹሑን ሠራተኛ እየወቀሰ እውነተኛውን ጥፋተኛ ይሸፍናል።

መዝጋቢው ኤፕሪል 3ን «3/4/2024» ብሎ ጻፈ እንበል። ኮምፒውተሩ በእንግሊዝ አገር አጻጻፍ የተስተካከለ ከሆነ ኤክሴል እንዳሰበው ይረዳዋል፤ በአሜሪካ ከሆነ ግን ማርች 4 ያደርገዋል። ሴሉ ውስጥ የሚቀመጠው የተጻፈው ሳይሆን ከ1900 መባቻ የሚቆጠር የቀን ቁጥር ነው፦ በመጀመሪያው 45385፣ በሁለተኛው 45355። ሠራተኛው የጻፈው አንድ ነገር ነው፤ መዝገቡ ግን በ30 ቀን ተለያየ። የኮምፒውተሩን አገር በኋላ መቀየርም አያድንም፤ መጀመሪያ የተጻፈው ጠፍቶ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል።

ይባስ ብሎ ስህተቱ ወጥ አይደለም። የአሜሪካው አጻጻፍ 13ኛ ወር ስለማያውቅ 13/4/2024ን እንደ ተራ ጽሑፍ ይተወዋል። የ2024 ቀናት በሙሉ ቀን ቀድሞ ወር ተከትሎ ቢገቡ 222ቱ ጽሑፍ ሆነው ይቀራሉ፤ 132ቱ ወደ ሌላ ቀን ይዞራሉ፤ በትክክል የሚገቡት እንደ 5/5 ያሉ 12 ብቻ ናቸው። ተቆጣጣሪ ቶሎ የሚያያቸው ጽሑፍ ሆነው የቀሩትን ነው፤ እነሱ ግን እውነቱን እንደያዙ ናቸው። ጉዳት የሚያደርሱት ትክክለኛ መስለው የተቀመጡት 132ቱ ናቸው።

በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ይብሳል። ጳጉሜ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. «5/13/2016» ተብሎ ሲጻፍ የአሜሪካው አጻጻፍ ያለ ማስጠንቀቂያ ሜይ 13 ቀን 2016 ያደርገዋል፤ ቀኑ ግን በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 ነበር። ቀን በሚያስቀድመው አጻጻፍም ቢሆን፣ ከጥቅምት 1 እስከ ኅዳር 1 ቀን 2017 ያለው 30 ቀን 28 ሆኖ ይቆጠራል፤ ጥቅምት 30ም ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለ ከስሌቱ ውጭ ይቀራል።

«ተጠንቀቁ» ለሚሉ አንድ መልስ ይበቃል። የዘረመል ተመራማሪዎች ጥንቃቄ ያጡ ሰዎች አይደሉም፤ ኤክሴል «ማርች1» እና «ሴፕት2» የሚባሉ የጂን ስሞችን ቀን እያደረገ ስላስቸገራቸው ግን የስያሜው ኮሚቴ በፈረንጆቹ 2020 ባወጣው መመሪያ ስሞቹ መቀየራቸውን አስታወቀ። ማይክሮሶፍት በ2023 ያከለው ይህን ልወጣ ማጥፊያም ፊደልና ቁጥር ተያይዘው የተጻፉትን ይመለከታል እንጂ ለ3/4/2024 አይደርስም።

መፍትሔው ቁጣ አይደለም። የፈረንጆቹ ቀን ከ1988 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ በወጣው ሥርዓት ዓመቱ ቀድሞ 2024-04-03 ተብሎ ይጻፍ፤ የእኛው ቀን፣ ወርና ዓመቱ በየራሳቸው ዓምድ ይቀመጡ። ሳይጠይቅ የሚገምት ፕሮግራም የሰው ደመወዝ፣ የብድር ቀነ ገደብም ሆነ የልጅ ልደት ሊታመንበት አይገባም፤ በእሱ ግምት የተዛባ ቀን ይዞ ሠራተኛ የሚቀጣ መሥሪያ ቤትም ፍርደ ገምድል ነው።