የአባት መኪና ስንት ያወጣል?



የዚህ ወር ርዕሳችን ለወጣቶች የመኪና ወሬ፣ ለወላጆች ግን የአማና ጉዳይ ነው። አንድ አባት ወደ አኼራ ሲሄዱ ከቤቱና ከዕቃው ጋር ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች አሮጌ ቮልስ ይተዋሉ እንበል። ትልቁ ልጅ «እኔ ልውሰዳት፤ የእናንተን ድርሻ በገንዘብ እሰጣለሁ» ይላል። እናት ዝም ይላሉ። እህቶች ስለ መኪና አናውቅም ብለው ለወንድማቸው ይተዉታል። ጎረቤት «ቆርቆሮ ናት» ይላል፤ ደላላ ደግሞ «ወርቅ ናት» ይላል። በዚህ መሃል አንድ ቁጥር ይነገርና ሁሉም በዚያ ይለያያል። ያ ቁጥር ትክክል ካልሆነ ግን ከሟች ቤት የአንዱ ሐቅ ወደ ሌላው ኪስ ገብቷል ማለት ነው።

ስለዚህ የአሮጌ መኪናን፣ የቦዲዋንና የመለዋወጫዋን ተገቢ ዋጋ መለየት ማወቅ ለጋራዥ ሰው ብቻ የሚተው አይደለም። ቮልስን በምሳሌነት የመረጥነው በከተሞቻችን በብዛት የምትታወቅ ስለሆነች ነው። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ እንደነበር ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ሀገር የመጨረሻዋ እስክትሠራ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች። እንግዲህ አሮጌ ሁሉ ብርቅ አይደለም ማለት ነው። ብርቅ ባትሆንም ግን ርካሽ አይደለችም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተወሰነ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በዚህ ሁሉ የተነሳ ሀገር ውስጥ ያለ መኪና፣ አሮጌም ቢሆን፣ ዋጋው ተወዷል። አባት የገዙበት ዋጋ ዛሬ ምንም አይነግረንም።

ሸሪዓችን ዋጋን እንዴት ያያል?

በኢስላም ለትርፍ የተቆረጠ ጣሪያ የለም። ሰሓባው ዑርወት አል-ባሪቂ በአንድ ዲናር በግ እንዲገዛ ተልኮ ሁለት ገዛ፤ አንዱን በአንድ ዲናር ሸጦ በጉንም ዲናሩንም ይዞ ተመለሰ፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በንግዱ በረካ እንዲያገኝ ዱዓ አደረጉለት። ስለዚህ የመለዋወጫ ነጋዴ አተረፈ ብሎ መውቀስ አይገባም።

የተከለከለው ሌላ ነው። ከሩቅ የሚመጡ ነጋዴዎችን የገበያውን ዋጋ ሳያውቁ መንገድ ላይ ጠብቆ መግዛት ተከልክሏል። መግዛት ሳይፈልጉ ዋጋ እየጨመሩ ሌላውን ማታለል፣ ማለትም ነጅሽ፣ ተከልክሏል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ሲያስገቡ ከሥር እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ ሻጩን እርጥቡን ከላይ ለምን እንዳላደረገው ጠይቀው ማታለልን አጥብቀው አወገዙ። በስቱኮና በአዲስ ቀለም የተሸፈነ ዝገት ከዚያ እርጥብ እህል በምን ይለያል? «እንዳለች ሸጥኩልህ» ማለትም ሻጩ እያወቀ የደበቀውን ነውር አያነጻለትም፤ የብዙ ዑለማእ አቋም ይህ ነው።

መጀመሪያ ማንነቷን ማወቅ

ዋጋ ከመጠየቅ በፊት የሚሸጠው ነገር ምን እንደሆነ ይታወቅ። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናዋ ጋር አንድ መሆን አለበት። በቮልስ የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ መሃሉን በሚያልፈው ጉብታ ላይ ይገኛል። የሞተር ቁጥሩ ደግሞ ከዲናሞው ማስቀመጫ ሥር ሞተሩ ላይ ተመትቷል። ሁለቱ ከወረቀቱ ጋር ካልተስማሙ፣ መኪናዋ የቱንም ያህል ብታምር፣ ስም ማዛወሩ ራሱ ፈተና ይሆናል፤ ዋጋዋም በዚያው ልክ ይወርዳል።

ዘመኗን ለመለየት ከእ.ኤ.አ. 1965 ሞዴል ጀምሮ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በ115 ከጀመረ የ1965፣ በ118 ከጀመረ የ1968፣ በ110 ከጀመረ የ1970 ሞዴል ናት፤ ሦስተኛው አኃዝ ዓመቱን ያሳያል። ከዚያ በፊት ላሉት የኋላ መስታወቱን እዩ። እስከ 1953 መጀመሪያ ለሁለት የተከፈለ፣ ከዚያ እስከ 1957 አጋማሽ ትንሽና ሞላላ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሰፋ ያለ አራት ማዕዘን ሆነ። በውጭ ሀገር ሰብሳቢዎች በብዙ ገንዘብ የሚሻሙት በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓይነቶች ነው። አንድ ወጣት የእነዚያን ዋጋ ከኢንተርኔት አንብቦ የአባቱን የ1970 ቮልስ በዶላር ቢተምን፣ ያወዳደረው ሌላ ዕቃ ነው፤ ገበያውም ሌላ ነው።

ቦዲው፦ ርካሽ ጉዳትና ውድ ጉዳት

ዓይን የሚያርፍበት ጉዳት ሁልጊዜ ከባዱ አይደለም። የቮልስ አራቱም ፓራፋንጎዎች በቡሎን የታሰሩ ናቸው፤ የተጨራመተ ፓራፋንጎ ተፈቶ ሌላ ይታሰራል። ስለዚህ ገዢ ፓራፋንጎውን እያሳየ ግማሽ ዋጋ ልቀንስ ቢል አትቀበሉት።

ውዱ ጉዳት ከሥር ነው። በሁለቱም በሮች ሥር ቦዲውን የሚሸከምና የሞተሩን ሙቅ አየር ወደፊት የሚያሳልፍ ቦይ አለ። እሱ ከበሰበሰ በደንብ ለመጠገን ብዙ ጊዜ ቦዲው ከሻንሲው ተፈቶ መነሳት አለበት። ሁለተኛው የባትሪ ቦታ ነው። ባትሪው ከኋላ መቀመጫ ሥር በቀኝ በኩል ስለሚቀመጥ አሲዱ ወለሉን ይበላዋል። ወንበሩን አንሡ፤ ምንጣፉን ግለጡ። ሦስተኛው ትርፍ ጎማ የሚቀመጥበት የፊት ጎድጓዳ ነው።

መሣሪያው ቀላል ነው፤ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት በቂ ነው። ጤነኛ ላሜራ ላይ ይጣበቃል፤ ወፍራም ስቱኮ ላይ አይዝም። በር ስትከፍቱ ወደ ታች የሚወርድ ከሆነ፣ ወይም በበሩና በቦዲው መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ጠባብ ከታች ሰፊ ከሆነ፣ ቀለሙን ትታችሁ ከሥር ተመልከቱ።

ሞተሩ

መካኒክ ባይኖርም አንድ ፈተና ማንም ሊያደርገው ይችላል። ሞተሩ ጠፍቶ የቺንጊያውን ትልቁን ፑሊ በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግፉትና ሳቡት። የክራንክሻፍቱ ጨዋታ በፋብሪካው ልክ ከ0.15 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም፤ ይህ በእጅ እምብዛም የማይታወቅ ልክ ነው። በግልጽ ከተንቀሳቀሰና ኳ ካለ ሞተሩ ተከፍቶ መሠራት አለበት። ከሞተር ቁጥሩ በፊት ያሉት ፊደላትም ይናገራሉ። «ዲ» ከሆነ ባለ 1200፣ «ኤፍ» ከሆነ ባለ 1300፣ «ኤች» ከሆነ ባለ 1500 ሞተር ነው። ባለ 1500 ተብላ የምትሸጥ መኪና ላይ «ዲ» ካገኛችሁ ሻጩን ጠይቁት።

መለዋወጫ ስትገዙ

ሶማሌ ተራ ወይም ሌላ የዕቃ ገበያ የምትሄዱ ወጣቶች ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የቮልስ ዕቃ ሁሉ አንድ አይደለም። የፊት መብራቱ እስከ 1967 አካባቢ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነበር፤ ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ስለዚህ የፊት ፓራፋንጎውም ይለያል። የቀድሞዎቹ በ6 ቮልት ይሠሩ ነበር፤ የኋለኞቹ በ12 ቮልት ናቸው። የማይገጥም ዕቃ በግማሽ ዋጋ ቢገኝም ውድ ነው።

ሁለተኛ፣ «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ብቻውን ዋጋ አያስጨምርም። የፋብሪካው ዕቃ የፋብሪካው ምልክትና ቁጥር አለው። ቁጥሩ በ111 ወይም በ113 ከጀመረ ለቮልስ የተሠራ ነው፤ በ211 ከጀመረ መጀመሪያ የታሰበው ለቮልስ ሚኒባስ ነው። ምልክት የሌለው ዕቃ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ በኮፒ ዋጋ ግን ይሸጥ። ያገለገለ የፋብሪካ ፓራፋንጎ በወፍራም ላሜራው ምክንያት ከአዲስ ስስ ኮፒ ሊበልጥ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ዋጋው ከገበያው እጅግ ከወረደ ምንጩን ጠይቁ። ትናንት ሌሊት ከጎረቤታችሁ መኪና የተፈታ መብራት ዛሬ በርካሽ ቢቀርብላችሁ፣ ያ ርካሽነት የሰው ሐቅ ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት የሌባው ተባባሪ መሆን ነው።

ሒሳቡ

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ከዚህ በታች ያሉት አኃዞች ለማስረዳት ብቻ የቀረቡ ናቸው፤ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

በመጀመሪያ በቅርቡ በእርግጥ የተሸጡ፣ የሚሠሩና ቦሎ ያላቸው ተመሳሳይ መኪናዎች በስንት እንደተሸጡ አጣሩ። የሚጠራው ዋጋና የተከፈለው ዋጋ ይለያያሉ፤ ሚዛናችሁ የተከፈለው ይሁን። 600 ሺህ ብር ሆነ እንበል። ቀጥሎ የእናንተን መኪና እዚያ ደረጃ ለማድረስ የሚያስፈልገውን ወጪ ከቦዲ ሠራተኛና ከመካኒክ ለየብቻ ጠይቃችሁ ቀንሱ። 120 ሺህ ከሆነ ቀሪው 480 ሺህ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተውና አንዳንዱም ሆን ብሎ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። የሚቀነሰው መኪናዋን እንደ አዲስ ለማድረግ የሚወጣው ወጪ አይደለም። ለንጽጽር የያዝናት መኪናም አዲስ አይደለችምና። ትልቁ ልጅ ሙሉ ቀለም፣ አዲስ ወንበርና አዲስ ሞተር ሁሉ ደምሮ 280 ሺህ ቢቀንስ ዋጋው 320 ሺህ ይሆናል። ሒሳቡ የተጣራ ይመስላል፤ ግን አድልቷል። በተቃራኒውም ሻጭ «300 ሺህ አውጥቼባታለሁ» ብሎ ያወጣውን ሁሉ ሊደምር አይችልም። ገበያው የሚከፍለው ለመኪናዋ እንጂ ለደረሰኙ አይደለም።

መኪናዋ የማትነሳ ከሆነ ደግሞ ዝቅተኛውን ወለል ፈልጉ። በእርግጥ የሚሸጡት ዕቃዎቿ ተደምረው፣ የማፍረሻው ድካምና የማስቀመጫ ቦታ ኪራይ ሲቀነስ የሚቀረው ያ ነው። ከዚያ በታች መስጠት ገንዘብን ማባከን ነው። የዕቃዎቹን ሙሉ ድምር ደግሞ የመኪናዋ ዋጋ አድርጎ መጥራት ትክክል አይደለም፤ ሁሉም ዕቃ ገዢ አያገኝም፤ የሚያገኘውም በአንድ ቀን አይሸጥም።

ወደ ሟች ቤት እንመለስ

ሟች ሚስት፣ አንድ ወንድ ልጅና ሁለት ሴት ልጆች ብቻ ትተው፣ ዕዳና ኑዛዜ ካለ ቀድሞ ተፈጽሞ ከሆነ፣ መኪናዋ ለ32 ድርሻ ትከፈላለች። ለእናት 4፣ ለወንዱ 14፣ ለእያንዳንዷ ሴት 7። በ480 ሺህ ከተገመተች እናት 60 ሺህ፣ እያንዳንዷ ልጅ 105 ሺህ ታገኛለች። በ320 ሺህ ከተገመተች ግን እናት 40 ሺህ፣ እያንዳንዷ ልጅ 70 ሺህ ብቻ ይደርሳቸዋል። በአንድ የግምት ወረቀት ከሦስት ሴቶች 90 ሺህ ብር ሄደ። ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ማንም በር አልሰበረም፤ ግን ሄደ።

ከሴቶቹ አንዷ ለአካለ መጠን ያልደረሰች የቲም ከሆነች ነገሩ ይከብዳል። ቁርአን የየቲምን ገንዘብ ያለ አግባብ በሚበሉ ላይ የተናገረውን ዛቻ ሁላችን እናውቃለን። ጎልማሳዋ እህት ዋጋውን አውቃ ለወንድሟ ብትተውለት ስጦታዋ ነው፤ አጅር ታገኝበታለች። የቲሟ ግን ልትተው አትችልም፤ ሞግዚቷም በስሟ ሊተውላት አይችልም። ከገበያ ዋጋ ዝቅ አድርጎ መሸጥም አይፈቀድለትም።

ስለዚህ ለቤተሰቦች የምንመክረው ይህ ነው። መኪናዋን የሚፈልገው ወራሽ ገማቹን ብቻውን አይምረጥ። ከውርሱ ምንም የማይደርሳቸው፣ እርስ በርስ የማይመካከሩ ሁለት ወይም ሦስት ባለሙያዎች ለየብቻ ይገምቱና ግምታቸውን በጽሑፍ ይስጡ። ለመግዛትም ለመሸጥም እንደሚታሰብ አይነገራቸው፤ ይህን የሚያውቅ ገማች ልቡ ወደ አንዱ ሊያጋድል ይችላልና። ወረቀቱ ለእናትም ለእህቶችም ይነበብ። ወራሹ በዚያ ዋጋ አልወስድም ካለ መኪናዋ ለገበያ ትቅረብ፤ ገበያው ራሱ ይፍረድ። እናንተ እህቶችም «መኪና የወንድ ነገር ነው» ብላችሁ ከመቀመጫችሁ አትቅሩ። ማግኔት መያዝና ወንበር ማንሣት ጉልበት አይጠይቅም፤ ስንት ወጣ ብሎ መጠየቅም ወንድምን መጠርጠር አይደለም። እንዲያውም ወንድማችሁን ነገ በቂያማ ቀን ከሚመጣበት ጥያቄ ማዳን ነው።

አላህ ሱብሓነሁ ወተዓላ ገንዘባችንን ሐላል፣ ዝምድናችንን ያልተቆረጠ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።