የጠበቃውን ክፍያ ማን ይሸከም?

በሥራ ቦታ አድልዎ የተፈጸመበት ሠራተኛ ወደ ፍርድ ቤት ለመሄድ ሲያስብ ከማስረጃው እኩል የሚያስጨንቀው የጠበቃ ክፍያ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት አሜሪካ ይህ ጉዳይ ለአሥርት ዓመታት ሲያከራክር ቆይቷል።

በሀገሪቱ የቆየ ልማድ መሠረት እያንዳንዱ ተከራካሪ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም የጠበቃውን ክፍያ የሚሸፍነው ራሱ ነው። ይህ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚያገኝን ሠራተኛ ይጎዳል፤ በፍርድ የሚያገኘው ውዝፍ ደመወዝ ለጠበቃው ክፍያ ላይበቃ ይችላልና።

እ.ኤ.አ በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ይህን ልማድ ለአድልዎ ክሶች ለወጠው። የሕጉ ሰባተኛ ክፍል 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉት አሠሪ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖት፣ በጾታ ወይም በትውልድ ሀገር እንዳያዳላ ይከለክላል። ፍርድ ቤትም ለአሸናፊው ወገን ተመጣጣኝ የጠበቃ ክፍያ እንዲወስን ሥልጣን ይሰጣል።

ሕጉ «አሸናፊ ወገን» ሲል ሠራተኛውን ከአሠሪው አልለየም። ልዩነቱን ያስቀመጠው የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። እ.ኤ.አ በ1978 በሰጠው ውሳኔ ያሸነፈ ሠራተኛ በመደበኛነት ክፍያው ሊወሰንለት ይገባል፤ ያሸነፈ አሠሪ ግን የሚወሰንለት ክሱ መሠረተ ቢስ ሆኖ ሲገኝ ነው። በሠራተኛው ክስ የሚረታው አሠሪ ሕግ የጣሰ ሲሆን፣ በቅን ልቦና ከስሶ የተሸነፈ ሠራተኛ ግን ሕግ አልጣሰም።

ጥበቃው ግን ገደብ አለው። እ.ኤ.አ በ2016 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክሱ በፍሬ ነገሩ ላይ ፍርድ ሳያገኝ የተዘጋለት አሠሪም «አሸናፊ» ሊባል እንደሚችል ወስኗል። ጉዳዩ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን በአንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት ላይ ያቀረበው የጾታዊ ትንኮሳ ክስ ሲሆን፣ የሥር ፍርድ ቤት ኮሚሽኑ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወስኖ ነበር።

ስለዚህ በዚያ የሚሠሩ ወገኖች ክሳቸውን በማስረጃ ማደራጀት፣ ጊዜውንም መጠበቅ አለባቸው። አቤቱታው አድልዎ ከተፈጸመ በ180 ቀናት፣ በአብዛኞቹ ግዛቶች ደግሞ በ300 ቀናት ውስጥ ለኮሚሽኑ መቅረብ ይኖርበታል።

በሀገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሠራተኞች መካከል አድልዎ መፈጸምን ይከለክላል፤ የወጪና ኪሳራን ጉዳይ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ለፍርድ ቤቱ ሥልጣን ይተወዋል። ይህ ሥልጣን አቅም ለሌለው ሠራተኛ የሚጠቅመው ያሸነፈበት ክስ የጠየቀው ወጪ በአግባቡ ሲተካለት ነው።